ለጉልበተኛ ምን እንመልስለት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የማነሣላችሁ ነገር ሁላችን የምናውቀው፥ ነገር ግን በጉባኤ ብዙ ጊዜ የማንነጋገርበት ነው። እርሱም የጉልበተኛ ነገር ነው። በመስክም በክፍልም፥ በወንዝ መንገድም በመሥሪያ ቤትም፥ አንዳንድ ጊዜም በገዛ ቤታችን ውስጥ ጉልበተኛ አለ። ታዲያ ክርስቲያን ሲገፋ ምን ይመልስ? ዝም ይበል ወይስ ይማታ? ይህን ከራሴ ታሪክ ተነሥቼ እንድጽፍላችሁ ፍቀዱልኝ። ታሪኩ የሚያስመሰግነኝ አይደለም፤ ነገር ግን ኃጢአትን ሸፍኖ ስለ ጽድቅ መጻፍ አይሆንልኝም።

ያደግሁት ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፥ ወደ ፈጣም ወንዝ በሚያወርደው መስክ ላይ ከብት እየጠበቅሁ ነው። የገጠር ልጆች እንደምታውቁት እረኛ ሁሉ አለቃ አለው። አለቃውን የሚሾመው ሽማግሌ አይደለም፤ ጡንቻው ነው። የእኛም አለቃ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጥ፥ ዱላ ከትከሻው የማይለየው ልጅ ነበር። ከብቱ ወደ ሰው አዝመራ ባመራ ቁጥር «ሂድ መልስ!» የምባለው እኔ ነበርሁ። እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ የሚበላው እርሱ ነበር። ጅራፉን በእግሬ ዙሪያ እያጮኸ ሲያስዘልለኝ ሌሎቹ ይስቃሉ። አንደበቴም ይንተባተብ ስለ ነበር «ዲዳው» የሚል ስም አወጣልኝ። ያ ስም ከመስክ መንደር ገባ፤ ከመንደርም አልፎ ትምህርት ቤት ድረስ ተከተለኝ።

የ9 ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ከዕለታት በአንዱ ቀን አለቃው ጠብ ማየት አማረው። ራሱ ግን አይጣላም፤ የሚያጣላው ሌሎችን ነው። ሁለት የአፈር ቁልል ሠራና «ይህ የአንተ እናት ጡት ነው፤ ያ ደግሞ የእርሱ እናት ጡት ነው፤ ወንድ የሆነ ያፍርስ» አለን። ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከፊቴ የቆመው የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ እንደ እኔ የተገፋ፥ እንዲያውም ከእኔ የባሰ የተገፋ ልጅ። ዳቦዬ በተወሰደብኝ ቀን ከቆሎው እፍኝ የሚሰጠኝ እርሱ ብቻ ነበር።

እኔም የእናቱን ቁልል በእግሬ በተንሁት። በዚያም አላበቃሁም፤ «አንት ቡዳ!» አልሁት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ሳይሆን በሌላ ሰው ሳቁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። በዚያች ሰዓት አንደበቴ እንኳ አልተንተባተበም።

ልጁ አልመታኝም፤ አላለቀሰምም። ዐይን ዐይኔን እያየ «እኔ ምን በደልሁህ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ተንበርክኮ የተበተነውን አፈር በሁለት እጁ ሰብስቦ እንደ ነበረው ቆለለው። የእኔን እናት ቁልል ግን አልነካውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ጉልበተኛ ስንል ጡንቻው የደነደነውን ብቻ ብናስብ እንሳሳታለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ጉልበተኛ ማለት ያ አለቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ጉልበተኛው እኔ ነበርሁ። ጉልበተኛ ማለት በዕድሜ፥ በኃይል፥ በሀብት፥ በሥልጣን ወይም በሰው ብዛት የሚበልጠውን ትቶ ከእርሱ ያነሰውን እየፈለገ የሚያጠቃ ሰው ነው። መሣሪያዎቹም ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ዱላ ነው፥ ሁለተኛው የሚያወጣው ስም ነው፥ ሦስተኛውም የተመልካቾች ሳቅ ነው።

የስም ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከእኛ ሩቅ ያልሆነችውን የማንኩሳን አገር ታውቃላችሁ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ የትውልድ መንደር አድርገዋታል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ካሣ ዳምጤ የሚባል አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው የጊዜውን ግፍ አይቶ ዝም ስላላለ ሰዉ «ጉዱ ካሣ» አለው። ሰውን አንድ ጊዜ «ጉድ» ብሎ መሰየም የሚናገረውን እውነት ሳይሰሙ ለማለፍ ይበቃል። «ዲዳው» የተባለ ልጅም መልስ እያወቀ በክፍል ውስጥ እጁን አያነሣም። እኔ አላነሣሁም ነበርና አውቀዋለሁ። ዛሬ ደግሞ ስሙ ከመስክ ይልቅ በስልክ ፈጥኖ ይዞራል፤ ልጁ ቤቱ ገብቶ በሩን ቢዘጋም እንኳ ይከተለዋል።

እንግዲህ አገራችን ለተገፋ ሰው የምታስተምረው ሁለት መልስ ነው። የመጀመሪያው «ዝም በል፤ ቻለው» የሚለው ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ልጅ ተመትቶ ሲመጣ «አንተስ ምን አድርገኸው ነው?» እንለዋለን። ባሏ የሚመታትን ሴት «ትዳር ነው፥ ቻዪው» እንላታለን። ይህም ምክር ትዕግሥት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመክረው ሰው ራሱ ከጉልበተኛው ጋር መጋፈጥን ስለሚፈራ የሚናገረው ነው። በሌላ ሰው ጀርባ መታገሥ ቀላል ነውና።

ሁለተኛው መልስ «ምታው! ወንድ አይደለህምን?» የሚለው ነው። ይህን መልስ እኛ ጎጃሞች በደንብ እናውቀዋለን። በጠላ ቤት የተጀመረች አንዲት ቃል ወደ ዱላ፥ ዱላውም ወደ ጥይት፥ ጥይቱም ወደ ደም መመለስ ሲሄድ አይተናል። ስድቡን የሰማው አባት ይሞታል፤ ስድቡን ያልሰማው ልጅ ደግሞ ደም ሊመልስ ያድጋል። ከዚያ በኋላ ገበያ መውጣትም ቀብር መሄድም በፍርሃት ይሆናል። መጀመሪያ የተሰደበው ሰው ክብሩን አስመለሰ ይባላል፤ የልጆቹን ሰላም ግን ማንም አያስመልስላቸውም።

ታዲያ ሌላ መንገድ የለምን? አለ። ጌታችን በተራራ ላይ ባስተማረ ጊዜ ጉንጩን የተመታ ሰው በቀል እንዳይመልስ አዘዘ (ማቴ. 5፥39)። ይህን ያስተማረ ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት ታስሮ ቆሞ ሳለ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ መታው። በዚያን ጊዜ ምን አደረገ? እጁን አላነሣም። ነገር ግን ዝምም አላለም። ጥፋት ተናግሬ ከሆነ ጥፋቴን መስክር፥ እውነት ተናግሬ ከሆነ ግን የመታኸኝ በምን ምክንያት ነው የሚል ጥያቄ በሁሉ ፊት አቀረበለት (ዮሐ. 18፥22-23)። የመታውም ሰው መልስ እንደ ሰጠ አልተጻፈም።

ይህን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲነበብ በሰማሁ ጊዜ ያ የአንጥረኛ ልጅ ትዝ አለኝ። «እኔ ምን በደልሁህ?» ያለኝ እርሱ ነበር። መጽሐፍ ሳያነብ የጌታን መንገድ ይዞ ነበር፤ እኔም በዚያ ቀን በማን ቦታ እንደ ቆምሁ አወቅሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያው ጌታ በሄሮድስ ፊት በቀረበ ጊዜ አንዲትም ቃል አልመለሰም (ሉቃ. 23፥8-9)። ለምን? ሄሮድስ እውነትን ሊሰማ ሳይሆን ትርዒት ሊያይ ፈልጎ ነበርና። ከዚህ የምንማረው፥ ሊሰማ የሚችለውን ሰው መጠየቅ፥ በእንባችን ወይም በቁጣችን ሊዝናና የሚፈልገውን ደግሞ ትርዒቱን መከልከል ነው። መናገርም ዝም ማለትም ጊዜ አላቸው። ሁለቱም ግን ከፍርሃት ሳይሆን ከማስተዋል መምጣት አለባቸው።

መጠየቁ ሳይጠቅም ቢቀርስ? ለዚህም ጌታ ሥርዓት ሰጥቶናል። የበደለህን መጀመሪያ ለብቻው አነጋግረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ምስክር ይዘህ ሂድ፤ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር የሚል ትምህርት ነው (ማቴ. 18፥15-17)። አባቶቻችን ሽምግልና የሚሉትም ይህንኑ ነው። እኔም በዐይኔ አይቼዋለሁና ልንገራችሁ።

የእናቱን ቁልል ባፈረስሁበት ቀን ማታ እራት አልበላ አለኝ። አያቴ ምን እንደ ሆንሁ ጠየቀኝ። እኔም ስለ ዳቦው፥ ስለ ጅራፉ፥ ስለ «ዲዳው» ሁሉ እያለቀስሁ ነገርሁት። ስለ አንጥረኛው ልጅ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። በማግሥቱ አያቴ ሁለት ጎረቤቶች ይዞ፥ እኔንም አስከትሎ ወደ አለቃው አባት ቤት ሄደ።

«ልጄ፥ ለክስ አልመጣንም» አለው አያቴ። «ልጅህ ልጃችን ነው። ዛሬ ዳቦ ቀማ፤ ነገ በሬ ይቀማል። ከአሁኑ አብረን እንያዘው ብለን ነው።»

አባትየው ይህን ሲሰማ በቁጣ ተነሥቶ ዱላ አነሣና ወደ ልጁ ሄደ። ልጁም ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያ የምንፈራው አለቃ እንደ እኔው ትንሽ ልጅ ሆኖ ታየኝ። አያቴ የአባትየውን ክንድ ያዘና «መስክ ድረስ ይዞት የሚወርደው ይህንኑ ዱላ አይደለምን?» አለው። ሰውየው ዱላውን ጥግ አስደግፎ ተቀመጠ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ።

ከዚያም ልጁ ጥፋቱን አመነ፤ ዳቦ እንደማይነካ፥ ከብትም በየተራ እንደሚመለስ ቃል ገባ። አያቴም «ሌላስ የበደልኸው አለ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ወደ እኔ አየና «እኔስ እሺ፤ እርሱ የአንጥረኛውን ልጅ ቡዳ ብሎ ሰድቦት የለምን?» አለ።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ተረት ለማን እንደ ተተረተ ያን ጊዜ ገባኝ። አያቴ ወደ ቤት ስንመለስ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። በማግሥቱ ግን ወደ አንጥረኛው ቤት ወሰደኝ። በመንደራችን ማረሻና ማጭድ ከእርሱ እጅ የማይወስድ አልነበረም፤ ከቤቱ ገብቶ የሚቀመጥ ግን አልነበረም። አያቴ ገባ፤ ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ጠላ ጠጣ። እኔም «ይቅር በለኝ» አልሁ። ነገር ግን ያልሁት አያቴን ፈርቼ እንጂ ከልቤ አልነበረም። ልጁም መሬት መሬት እያየ «እሺ» አለ።

በጉዳያችን ላይ አለቃው ሙሉ በሙሉ ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። ዳቦዬን መንካት ተወ፤ ጅራፉም ራቀኝ፤ «ዲዳው» የሚለው ስም ግን ለብዙ ጊዜ ቆየ። ሽምግልና ሁሉን በአንድ ቀን አይፈውስም። ነገር ግን ብቻዬን እንዳልሆንሁ አወቅሁ፤ እርሱም የሚያየው ሰው እንዳለ አወቀ። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ታናናሾቼ ሆይ! ሲመቱአችሁና ሲቀሙአችሁ ለአባትና ለእናት፥ ለመምህር፥ ለንስሐ አባት መናገር አሳባቂነት አይደለም። አሳባቂ የሚባለው ሰውን ለመጉዳት ነገር የሚያመላልስ ነው፤ በደል እንዲቆም የሚናገር ግን ምስክር ነው።

ስለ አንጥረኛው ልጅ ካነሣሁ አይቀር፥ በእጅ ሙያ የሚኖሩትን መስደብ በአገራችን ከጉልበተኝነት ሁሉ የከፋው ነው። ጉልበተኛው አንድ ልጅ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነውና። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን፥ ሸክላ የምትሠራውን እየሰደብን በሥራቸው ግን እንኖራለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ የሰው ሁሉ ዘር ከአዳምና ከሔዋን መሆኑንም አስታውሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ገና አልወጣም። የናዝሬት ሰዎችም ጌታችንን ሲንቁት ያነሡበት ነገር ምን ነበር? ጠራቢነቱን ነው (ማር. 6፥3)። እንግዲህ በእጅ ሙያው ሰውን የሚንቅ ከማን ወገን እንደሚቆም ይመርምር።

ምናልባት «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ ለአዋቂስ?» የሚል ይኖራል። ጉልበተኛ ያድጋል፤ ዱላውን ትቶ ወንበርና ማኅተም ይይዛል። ጉዳይህን ሳይፈጽም «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስህ፥ ደመወዝህን ይዞ የሚሰድብህ፥ በሰው ፊት የሚያዋርድህ ያው የመስክ አለቃ ነው። ለዚህ ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስን እንመልከት። በፊልጵስዩስ ከተማ ያለ ፍርድ ተገርፎ ታሰረ። በማግሥቱ ገዢዎቹ በስውር እንዲሄድ ሰው ላኩበት። ቢሄድ ነገሩ ያበቃ ነበር። እርሱ ግን ሮማዊ ዜጋ መሆኑን ገልጦ፥ በአደባባይ ያለ ፍርድ ስለ ገረፉን ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። እነርሱም ፈርተው መጥተው ለመኑት (ሐዋ. 16፥35-40)። ቅዱስ ጳውሎስ በቀል አልፈለገም፤ ካሣም አልጠየቀም። ነገር ግን በዚያች ከተማ በልድያ ቤት የሚሰበሰቡ አዳዲስ አማኞች ነበሩ። እርሱ በስውር ቢወጣ ኖሮ ነገ ገራፊዎቹ ወደ እነርሱ ይመጡ ነበር። መብትን በትሕትና መጠየቅ አንዳንድ ጊዜ ከእኛ በኋላ የሚመጣውን መጠበቅ ነው።

በአገራችንም ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ በአካላቸው ከሚደርስ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል። መምታትና መስደብም በወንጀል ሕግ ያስጠይቃሉ። መምህሩ ራሱ ጉልበተኛ ሲሆን፥ ወይም በቤት ውስጥ ሚስትና ልጅ ሲደበደቡ፥ ሽማግሌ ካልበቃ ወደ ሕግ መሄድ ከክርስትና መውጣት አይደለም። የሚደበደብ ሰው መጀመሪያ ከዱላው ሥር ይውጣ፤ ይቅርታውን በሰላም ቦታ ሆኖ ያስብበታል።

እኅቶቼ ደግሞ የሐናን ታሪክ አትርሱ (1ኛ ሳሙ. 1)። ጣውንቷ ፍናና መካንነቷን እያነሣች በየዓመቱ ታስቆጣት ነበር። ሐና ስድቡን በስድብ አልመለሰችም። ሐዘኗን ግን አልደበቀችም፤ በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰችው። ካህኑ ዔሊም ሰክራ መስላው ሲገሥጻት አልፈራችም፤ በአክብሮት እውነቱን አስረዳችው። እርሱም መርቆ አሰናበታት። ጸሎት ከንግግር መሸሻ ሳይሆን መናገሪያ አቅም የሚገኝበት መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመልሳችሁ። ጉልበተኛ በእኛ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ የሚከፋው የትኛው ነው? ድብደባው ይድናል፤ ዳቦው ይተካል። የሚከፋው ራሱን በእኛ ውስጥ መትከሉ ነው። ለዚህም በልጅነታቸው የተገፉ፥ በኋላ ግን ሥልጣን ያገኙ ሁለት ሰዎችን ላስታውሳችሁ።

አንደኛው በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ ናቸው። አባታቸው በልጅነታቸው ሞተው እናታቸው ችግር ላይ ወድቀው ስለ ነበር መኳንንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. የእኛው የጎጃምና የዳሞት ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በጉር አምባ ሲገጥሟቸው አንድ አዝማሪ በካሣ ላይ የስድብ ግጥም እንደ ገጠመ ይነገራል። ደጃዝማች ጎሹ በጦርነቱ ሞቱ፤ የተማረከው አዝማሪም ስለ ግጥሙ በሞት ተቀጣ። የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው ያፌዙት ደጃዝማች ወንድይራድም በተያዙ ጊዜ ኮሶ እንዲጠጡ እንደ ተደረገ በታሪክ ይተረካል። ዐፄ ቴዎድሮስ አገርን አንድ ለማድረግ የደከሙ ታላቅ ንጉሥ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የልጅነት ቁስላቸው እንዳልጠገገ ከዚህ እናያለን። ቁጣቸውም እየበረታ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን እስከ ማቃጠል ደረሰ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ አብሯቸው የቀረው ሰው ጥቂት ነበር።

ሁለተኛው ዮሴፍ ነው። በ17 ዓመቱ ወንድሞቹ ልብሱን ገፈው ጉድጓድ ጣሉት፤ በ20 ብርም ሸጡት። በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆሞ በግብፅ ላይ ተሾመ። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ መጥተው ከእግሩ በታች ወደቁ። ሊገድላቸው ይችል ነበር። እርሱ ግን መጀመሪያ ፈተናቸው፤ ጽዋውን በብንያም ስልቻ ውስጥ አስደርጎ ታናሹን ትተውት ይሄዱ እንደ ሆነ ተመለከተ። ይሁዳ በወንድሙ ፈንታ ባሪያ ልሁን ባለ ጊዜ ልባቸው እንደ ተለወጠ አወቀ፤ አለቀሰ፤ ራሱንም ገለጠላቸው (ዘፍ. 44-45)። ልብ በሉ፤ ዮሴፍ በደሉን «ምንም አልነበረም» አላለም። እንደ ሸጡት ፊት ለፊት ነገራቸው። ይቅርታ መርሳት ወይም እውነትን መሸፈን አይደለም። ይቅርታ ማለት የተሰደብሁበትን ኮሶ ለሌላ አላጠጣም ማለት ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከመካከላችን የተገፋ ቢኖር፥ የተሰጠህን ስም ስምህ አድርገህ አትቀበል፤ ስምህ በጥምቀት የተሰጠህ ነው። በእጅህ አትመልስ፤ በአንደበትህ ግን ጠይቅ። ባይሰሙህ ታላቅ ፈልግ፤ እርሱም ባይሰማህ ሌላ ፈልግ እንጂ ተስፋ አትቁረጥ።

ከመካከላችን በሰው ሲሳቅ የሚስቅ ቢኖር፥ ይህን ልንገረው። የመስኩ አለቃ አንድ ነበር፤ እኛ ስምንት ነበርን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ ግን ያበርነው ለመሳቅ ነበር። ከስምንታችን ሁለቱ እንኳ ሳይስቁ ከተገፋው ልጅ አጠገብ ቢቀመጡ ኖሮ ያ ጅራፍ በከንቱ ይጮኽ ነበር። የጎጃምን ልጅ «ወንድ ሁን» ብለው የሚያሳድጉት ከሆነ፥ ሁሉም ሲስቅ አለመሳቅም ወንድነት ነው።

ከመካከላችን ጉልበተኛ ቢኖር ደግሞ፥ አንተም ከማን ዱላ ሥር እንደ መጣህ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን ዱላውን ለሌላ ማስተላለፍህን ትተህ ሂድና የበደልኸውን ሰው ፈልገው። አትዘግይ። እኔ ዘግይቻለሁ።

የአንጥረኛው ቤተ ሰብ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ መንደሩን ለቅቆ ሄደ። ለምን እንደ ሄዱ ማንም አልጠየቀም፤ እኔ ግን ሳስበው ኖሬአለሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ በገበያ ቀን ቡሬ ወርጄ የተሰበረ የብረት በር ላስበይድ አንድ ብየዳ ቤት ገባሁ። ሠራተኛው መነጽሩን ሲያወልቅ አወቅሁት። እርሱም አወቀኝ። አንደበቴ እንደ ልጅነቴ ተያዘ። እንደ ምንም ብዬ «ያን ቀን በመስኩ ላይ … አሁን ከልቤ ነው፥ ይቅር በለኝ» አልሁት።

ቶሎ አልመለሰልኝም። ብረቱን አገላበጠና «ረስቼዋለሁ ብልህ ውሸት ይሆናል። እናቴ እስክትሞት ድረስ አልነገርኋትም። ይቅር ግን ብዬሃለሁ» አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት እውነት ነው። ከዚያም መነጽሩን አድርጎ በሩን በየደልኝ። ዋጋውን እንደ ማንኛውም ሰው አስከፈለኝ፤ ሻይ ግን እርሱ ጋበዘኝ።

ተበድሎ «ምን በደልሁህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንደበት፥ በድሎም «ይቅር በለኝ» የሚል ልብ እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።